ጣሪያው የሚከፈት ቅንጡ መኪና ድሬ ላይ ከመግዛትህ በፊት እንዴት ትፈትሸዋለህ?

«አንድ ጣሪያው የሚከፈት መርሴዲስ አግኝቻለሁ፣ ልግዛው?» ይህቺ ጥያቄ በየወሩ ትመጣልኛለች። ጠያቂዎቼ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዳንዱ ራሱ ፏ ሊልበት ነው፣ አብዛኛው ግን ለሰርግ ሊያከራየው ነው። መልሴ ግን ለሁሉም ያው ስለሆነ ከእንግዲህ ይህን ጽሑፍ እልካለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሻጭ መኪናውን የሚያሳይህ አመሻሽ ላይ ነው። 12 ሰዓት ገደማ፣ ነፋሱ ብቅ ሲል፣ ከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር፣ ልስልስ ባለው አስፋልት ላይ። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ቦታ መጥፎ የሚሆን መኪና የለም። መጥፎነቱ የሚወጣው ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ፣ ኮብልስቶን ላይ እና ወደ ሐረር በሚወስደው የደንገጎ ዳገት ላይ ነው። ስለዚህ ፍተሻው አንድ ቀን ሙሉ ከነሌሊቱ ይፈልጋል። ሻጩ «አቦ ምን ይሄን ሁሉ!» ካለህ ሻይህን ጠጥተህ ተመለስ።

ድሬ ላይ አንቱታ ስለማያምርብን «አንተ» እያልኩ ነው የምቀጥለው። እህቶቼ ለራሳችሁ አስተካክሉት።

የሚያስፈልጉህ ነገሮች

- ትንሽ ማግኔት፣ የፍሪጅ በር ላይ የሚለጠፈው ይበቃል፣ በቀጭን ጨርቅ ጠቅልለው
- የእጅ ባትሪ
- የጎማ ንፋስ መለኪያ
- ቮልት የሚለካ ቴስተር
- 20 ሊትር ውሃ የያዘ ጀሪካን እና ፎጣ
- አንድ የመቶ ብር ኖት
- ሜትር
- ሰፊ ካርቶን፣ የቴሌቪዥን ማሸጊያ ቢሆን ጥሩ ነው
- ሰዓት ቆጣሪ ያለው ስልክ
- የመኪናውን የብልሽት ኮድ የሚያነብ ስካነር ያለው መካኒክ (የራስህ እንጂ ሻጩ ያመጣው አይሁን)
- ኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ረጅም ጓደኛ

1. ጠዋት 1 ሰዓት፦ ሞተሩን በብርዱ አስነሳ

ለሻጩ ከዋዜማው ንገረው፦ «እኔ ሳልመጣ እንዳታስነሳው»። ስትደርስ ከሰላምታው ቀጥሎ እጅህን ኮፈኑ ላይ አሳርፍ። ከሞቀ ቀድሞህ አስነስቶታል ማለት ነው፣ ሌላ ቀን ተቀጣጠሩ። ምክንያቱም በብርድ ሲነሳ የሚያንኳኳና ሰማያዊ ጭስ የሚተፋ ሞተር ከሞቀ በኋላ ዝም ሊል ይችላል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ነው። ነጭ ጭስ ጥቂት ታይቶ ከጠፋ ምንም አይደለም፣ አልቆም ካለ ግን የቴስታታ ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ሥር ያለው ማሸጊያ) ጣጣ ሊኖር ይችላል።

ጎማውንም አሁኑኑ ለካ። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ንፋሱ ስለሚጨምር ቁጥሩ ያታልልሃል። ጎማው ጎን ላይ አራት አሃዝ ታገኛለህ፤ 2319 ቢል በፈረንጆች 2019፣ በ23ኛው ሳምንት ተመርቷል ማለት ነው። ከስድስት ዓመት በላይ የሆነውን፣ ጥርሱ ያላለቀ ቢሆንም እንኳ፣ የምትቀይረው ነው ብለህ ከዋጋው ላይ ቀንስ። የእኛ ሙቀት ጎማን ከውስጥ ይጨርሰዋል። የእነዚህ መኪኖች ጎማ ደግሞ ሰፊና ስስ ስለሆነ በየጎሚስታው አታገኘውም።

2. ወረቀቱን ተመልከት

ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር መኪናው ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል አመሳክር። የሻንሲ ቁጥሩ 17 ፊደልና አሃዝ ነው። ቦሎው የታደሰ መሆኑን እይ። ቁጥሩ የተፋቀ ወይም ዳግም የተመታ ከመሰለህ እዚሁ አቁም፣ የሚቀጥለውን አታንብብ።

3. አካሉን ፈትሽ

ማግኔቱን በየላሜራው ላይ አሳርፍ። በአንድ በኩል የሚይዝ፣ በሌላው በኩል በዚያው ቦታ የማይዝ ከሆነ ሥሩ ስቱኮ (የተጎዳ ላሜራ የሚሞሉበት ልስን) አለ። አንዳንድ ሞዴሎች ላይ ኮፈኑ ወይም የፖርታባጋሊው ክዳን ከአሉሚኒየም ወይም ከፕላስቲክ ስለሚሠራ ማግኔት አለመያዙ ብቻውን ወንጀል አይደለም። ቀኝን ከግራ ጋር ነው የምታወዳድረው።

ቀጥሎ አንዱን የኋላ ጎማ ቀስ ብለህ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ አውጣውና ሁለቱንም በሮች ክፈት፣ ዝጋ። መያዝ ወይም መፋተግ የለበትም። ጣሪያ ያለው መኪና ጥንካሬውን ከጣሪያውም ከወለሉም ያገኛል። ይህኛው ግን ያለው ወለሉ ብቻ ነው። ተጋጭቶ በደንብ ያልተቃና ከሆነ ወይም ወለሉ ከዛገ፣ እንዲህ አንድ እግሩን ስታነሳው ይጣመምና በሩ ይመሰክርበታል።

4. ጣሪያው

እዚህ ላይ አትቸኩል። የሞተር ሠራተኛ እንደልብ ነው። የጣሪያ ሠራተኛ ግን ድሬ ላይ ብትፈልግ ብትፈልግ አታገኝም።

ጣሪያው ሸራ ወይም ብረት ነው። መርሴዲስ ኤስ ኤል ኬ ባለ ብረት ነው፤ ከ1996 የወጣው የመጀመሪያው ትውልድ 25 ሰከንድ ገደማ፣ ከ2004 የወጣው ሁለተኛው ደግሞ 22 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል (ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው)። ሲ ኤል ኬ ባለ ሸራ ነው። ቢ ኤም ደብሊው 3 ሲሪየስ ከ2007 ጀምሮ ወደ ብረት ዞሯል፤ በዚያ ሁሉ ብረትና ማጠናከሪያ የተነሳ ጣሪያው የማይከፈተውን ባለ ሁለት በር ወንድሙን በክብደት ወደ 200 ኪሎ ይበልጠዋል። ይህችን ክብደት አስታውሳት፣ ደንገጎ ላይ እንመለስባታለን።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦

ሀ. ሞተሩን አስነስተህ ባትሪውን ለካ። ሞተር ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ቢሆን ደህና ነው። ደካማ ባትሪ ጣሪያውን መሃል መንገድ ላይ ያስቆመዋል፣ አንተም ባትሪ መሆኑን ሳታውቅ ጣሪያውን በዘይት ግፊት የሚያነሳውን ፓምፕ ልትቀይር ትነሳለህ።

ለ. ፖርታባጋሊ ውስጥ የሚዘረጋው መለያ ሽፋን በቦታው መሆኑን እይ። እሱ ካልተዘረጋ ጣሪያው አይንቀሳቀስም። «ተበላሽቷል» ተብሎ ዋጋው የወረደ መኪና በዚህች ሽፋን ብቻ የቆመ ሆኖ አጋጥሞኛል። እድለኛ ከሆንክ አንተንም ያጋጥምህ ይሆናል።

ሐ. ሦስት ጊዜ ክፈተው፣ ሦስት ጊዜ ዝጋው፣ በሰዓት ያዘው። አንዴ ብቻ ማየት ዋጋ የለውም። ሦስተኛው ከመጀመሪያው በብዙ ከዘገየ ፓምፑ ወይም ሲሊንደሮቹ ደክመዋል።

መ. ከኋላ ቆመህ ቀኙና ግራው እኩል መነሳታቸውን ተመልከት። አንዱ ወደኋላ ከቀረ በዚያ በኩል ዘይት እያፈሰሰ ሊሆን ይችላል።

ሠ. መሃል ላይ ሻጩ ጣቱን ከቁልፉ ላይ እንዲያነሳ አድርግ። ጣሪያው ባለበት ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ወዲያው ወደ ታች ከሸሸ ግፊት አይዝም ማለት ነው።

ረ. የእጅ ባትሪውን ይዘህ የፖርታባጋሊውን ጥጋጥግ እና ከሹፌሩ ራስ በላይ፣ መስታወቱና ጣሪያው የሚገናኙበትን ቦታ በጣትህ ዳስስ። ያረጁ መርሴዲሶች ላይ የመቆለፊያው ሲሊንደር እዚያ ጋ ያፈሳል፣ ዘይቱም ቀጥታ ጭንህ ላይ ይንጠባጠባል።

ይህን ሁሉ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ትደግመዋለህ። ለምን እንደሆነ ከራሴ ልንገርህ። የአክስቴ ልጅ ሰርግ ላይ የተከራየነውን መኪና የነዳሁት እኔ ነበርኩ። ጠዋት ላይ ጣሪያው ቅቤ ነበር። ከሰዓት በኋላ ዝናብ አካፋና ልዘጋው ቁልፉን ሳብኩ። ፓምፑ ዝዝዝ አለ፣ ጣሪያው እስከ ግማሽ ተነሳ፣ እዚያው ቀጥ። ወደ ላይም የለም፣ ወደ ታችም የለም፣ ጅራቱን እንደቀሰረ ጊንጥ ቆመ። ሙሽራዋ በሚዜዋ ነጠላ ተከልላ ነው የደረሰችው። የእጅ መዝጊያ መፍቻው መኪናው ውስጥ አልነበረም፣ ቢኖርም አጠቃቀሙን የሚያውቅ አልነበረም። ስለዚህ መፍቻው መኖሩን አረጋግጥ፣ ሻጩም በእጅ እንዴት እንደሚዘጋ ያሳይህ።

ማስጠንቀቂያ፦ ጣሪያው ሲንቀሳቀስ ማንም እጁን መገጣጠሚያዎቹ ውስጥ እንዳያስገባ፣ በተለይ ልጆች። ጣት ይቆርጣል። መኪናው በቆመበት ብቻ አንቀሳቅሰው። ዘይቱ ከጎደለም አምራቹ ያዘዘውን እንጂ የፍሬን ዘይት እንዳትጨምርበት፣ ጎሚኒዎቹን ይበላቸዋል።

5. ውሃ አፍስስበት

ጣሪያው ተዘግቶ ጀሪካኑን ቀስ እያልክ ከላይ፣ ከመስታወቶቹ ጠርዝና ከኋላ በኩል አፍስስ። ጓደኛህ ውስጥ ሆኖ በፎጣ እየዳሰሰ ይጠብቅ። ውሃው በጣሪያው ጠርዝ ባሉት መውረጃ ቱቦዎች በኩል ጎማው አካባቢ መሬት ላይ መውጣት አለበት። ካልወጣ ተደፍነዋል። የድሬ አቧራና አሸዋ ቱቦዎቹን ወራት ሙሉ ይሞላቸዋል፣ ዝናብ ስለሌለ ማንም አያውቅም፣ ከዚያ የነሐሴ ዶፍ ይመጣና ውሃው ምንጣፉ ሥር ወይም ፖርታባጋሊው ውስጥ ይተኛል። ብዙዎቹ ሞዴሎች ላይ ደግሞ የኤሌክትሮኒክስ ሳጥኖች የተቀመጡት እዚያው ነው።

ምንጣፉን ገልጠህ አሽትተው። ሻጋታ ከሸተተህ ወይም የእስኮርት ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ደረቅ ደለል ካየህ ውሃ ገብቶበት ያውቃል።

አሁን የመቶ ብሯን አውጣ። በሩን ክፈት፣ ብሯን መስታወቱና ጎሚኒው መሃል አድርገህ ዝጋ፣ ሳብ። ትንሽ ታግላ መውጣት አለባት። እንደ ቅቤ ከወጣች ጎሚኒው ደርቋል፣ ውሃም አቧራም የነፋስ ጩኸትም በዚያ ይገባል። በየጥቂት እርምጃው ድገመው። ጎሚኒ የሚቀባው በሲሊኮን ቅባት ነው። ግራሶ አትቀባ፣ አሸዋ ይሰበስብልሃል።

6. ከ5 እስከ 8 ሰዓት፦ ፀሐይ ላይ አቁመው

ጥላ ሥር አይደለም፣ ደረቅ ፀሐይ ላይ፣ ጣሪያው ተዘግቶ። አንተ ሂድና ምሳህን ብላ። ድሬ በግንቦትና በሰኔ 35 ዲግሪ ስትገባ ጥቁር ቆዳ ወንበር ምን እንደሚሆን በቃል አይገለጽም። ስትመለስ የቀበቶውን ብረት ከመያዝህ በፊት ተጠንቀቅ፣ ያቃጥላል።

ሞተሩን አስነሳ። ጠዋት የተነሳ ሞተር በሙቀት ላለመነሳት ያንገራግራል? ኤሲውን እስከ መጨረሻው ክፈትና ሰዓት ያዝ። በ10 ደቂቃ ውስጥ ተመችቶህ መቀመጥ ካልቻልክ ወይ ጋዙ ጎድሏል ወይ ኮምፕሬሰሩ ደክሟል። የሸራ ጣሪያ ሙቀት በቀላሉ ያስገባል፣ ስለዚህ ባለ ሸራ ላይ ኤሲው ይበልጥ ጠንካራ መሆን አለበት። «ኤሲ ለምኔ፣ ጣሪያውን እከፍተዋለሁ» የሚል ሰው ድሬ ላይ 7 ሰዓት ላይ ከፍቶ ነድቶ አያውቅም። እውነቱን ልንገርህ፣ እዚህ አገር ጣሪያ የሚከፈተው ከ11 ሰዓት በኋላ ነው።

የጣሪያውን ፍተሻ አሁን ድገም። ሸራ ከሆነ ስፌቱንና የኋላ መስኮቱን እይ። ፕላስቲክ መስኮት በፀሐይ ቢጫ ይሆናል፣ ይሰነጠቃል። መስታወት የሆነውን ምረጥ።

7. የሰርግ አነዳድ

ኤሲው እንደተከፈተ፣ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር፣ 30 ደቂቃ። በሳቢያን ዙር፣ ባጃጅ ከፊት ባጃጅ ከኋላ። ሰው መኪና ሲፈትሽ መሮጥ ብቻ ይመስለዋል። ስትሮጥ ግን ነፋሱ ራዲያተሩን ስለሚያቀዘቅዝ የደከመ ቬንቲላተር አይታወቅም። በቀስታ ስትሄድ ሥራው ሁሉ የቬንቲላተሩ ነው። የሙቀት መርፌው መሃል ላይ ቆሞ መቅረት አለበት። ከፍ ዝቅ ካለ ወይም ከመሃል ካለፈ የሰርግ ሥራውን እርሳው። ለሰርግ ሲከራይ የኖረ መኪና ደግሞ ኪሎ ሜትሩ ትንሽ ሆኖ ሞተሩ ብዙ የሠራ ነው፣ ቆሞ የሠራበትን ሰዓት ቆጣሪው አይቆጥርም።

ማስጠንቀቂያ፦ ሙቀቱ ከወጣ አጥፋና ጠብቅ። የራዲያተር ክዳን በትኩሱ አይከፈትም።

8. ኮብልስቶን ላይ ንዳው

ጣሪያውን ክፈትና በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ሂድ። ዓይንህን የውስጥ ስፖኪዮው ላይ አድርግ። ትንሽ መንቀጥቀጡ የማይቀር ነው። ከኋላህ ያለውን ባጃጅ መለየት እስኪያቅትህ ከተንቀጠቀጠ ግን አካሉ ላልቷል ወይም አሞርዛቶሪዎቹ አልቀዋል። ከዚያ ዘግተህ በዚያው መንገድ ተመለስና ጣሪያው የሚንቋቋበትን ቦታ ለይ።

ቢ ኤም ደብሊው ከሆነ ጎማው ተበስቶም የሚነዳው ዓይነት መሆኑን ጠይቅ። ጎኑ ወፍራም ስለሆነ ኮብልስቶን ላይ ወገብ ይመታል። ብዙ ሰው «ሶስፔንሽኑ ሄዷል» ብሎ የሚመልሰው መኪና ችግሩ ጎማው ብቻ ነው።

9. ደንገጎን ውጣ

ጉልበቱ የሚለካው እዚህ ነው። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረማያ 2,000 ገደማ። ተርቦ ወይም ኮምፕሬሰር (የኤሲው ሳይሆን ለሞተሩ አየር የሚገፋለት) የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ወደ 10 በመቶ ጉልበት ያጣል፣ አየሩ ስለሚሳሳ። ስለዚህ ሻጩ የነገረህ የፈረስ ጉልበት የባሕር ጠረፍ ቁጥር ነው። ድሬ ላይ ከመቶ አሥር ያህሉ፣ ሐረማያ ስትደርስ ከአምስት አንድ ያህሉ የለም። ባለ ኮምፕሬሰሩ ኤስ ኤል ኬ 200፣ ከ2004 እስከ 2008 (በፈረንጆች) የተሠራው፣ 163 የፈረስ ጉልበት አለው፤ እንደሱ ዓይነቱ ከፍታውን የተሻለ ይችለዋል።

ስትወጣ ሦስት ነገር አዳምጥ። በዳገት ጋዝ ስትሰጥ እንደ ጠጠር የሚንኳኳ ድምፅ (ነዳጁ ወይም ካንዴላው አልተስማማውም)፣ ካምቢዮው ማርሽ ሲቀያይር የሚመታ እንደሆነ፣ እና መርፌው። ከባድ ጣሪያ የተሸከመው የሚለየው እዚህ ነው። ዳገቱን ጨርሰህ ወደ ሐረማያ በሚወስደው ሜዳ ላይ፣ መንገዱ ባዶ ሲሆን፣ ከ40 ወደ 80 የሚደርስበትን ጊዜ ጓደኛህ ይያዝ። ከዜሮ እስከ መቶ ለወሬ ነው። አንተን የሚጠቅምህ ኤፍ ኤስ አር የጭነት መኪና ቀድመህ መግባት መቻልህ ነው። እግረ መንገድህን ጣሪያውን ከፍተህ በ80 ከጓደኛህ ጋር አውራ። መጮህ ካለብህ የነፋስ መከላከያው መረብ ጠፍቷል ማለት ነው፣ ሻጩን ጠይቀው።

ማስጠንቀቂያ፦ ከአወዳይ የሚወጡ የጫት መኪኖች ኩርባ ላይ አይጠብቁህም። ከእነሱ ጋር እሽቅድምድም አትግባ፣ ሲመጡ ዳር ይዘህ አሳልፋቸው።

ሐረር ከደረስክ አይቀር በሐረር በር ገብተህ እስከ ፈረስ መጋላ ዝለቅና ጣሪያው ተዘግቶ ወደኋላ ለማቆም ሞክር። የኋላ መስኮቱ ጠባብ፣ ጥጉ ደግሞ ዕውር ነው። ከሰው መሃል መኪና ማውጣት ካስጨነቀህ በየቀኑ ያስጨንቅሃል። የጀጎል ቀጫጭን መንገዶች ውስጥ ግን አትግባ።

10. ደንገጎን ውረድ

በከባድ ማርሽ ውረድ፣ አውቶማቲክም ቢሆን በእጅ ወደ 2 ወይም 3 አምጣው። ኩርባዎቹ ላይ ብቻ ፍሬን ያዝ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፣ ያረጀ ሲሆን ደግሞ በሙቀት ይፈላና ፔዳሉ ስፖንጅ ይሆናል። ታች ስትደርስ ፔዳሉ ጠዋት ከነበረው ጠልቆ ከገባ ዘይቱ አርጅቷል። መሪው ፍሬን ስትይዝ ከተንቀጠቀጠ ዲስኩ ተጣሟል። የሽታውን ጉዳይ አፍንጫህ ይነግርሃል።

11. የዕለት ኑሮ

ሜትሩን አውጣና ከመሬት እስከ ፓራውልቱ ሥር ለካ። ከዚያ ሰፈርህ መግቢያ ያለውን ጉብታ ለካ። ጉብታው ከበለጠ ነገሩ አለቀ።

ጣሪያው ታጥፎ ሳለ ፖርታባጋሊውን ክፈት። ባለ ብረት ጣሪያ ከሆነ ለሁለት ፌስታል የከፊራ ገበያ አትክልት የሚሆን ቦታ ይቀርሃል። እስኮርት ጎማ አለው? ብዙዎቹ የላቸውም፣ አሸዋ መሃል ላይ ጎማ ሲፈነዳብህ ትርጉሙ ይገባሃል።

ለሰርግ የምትገዛ ከሆነ ወንበር ቁጠር። ሙሽሮቹ ሁለት፣ ሹፌሩ አንድ፣ ኤስ ኤል ኬ ግን ባለ ሁለት ወንበር። ሳቅ አይደለም፣ ገዝቶ ወደ ቤቱ ሲነዳ የገባው ሰው አውቃለሁ። ባለ አራት ወንበር ከሆነ ረጅሙን ጓደኛህን ኋላ አስቀምጠህ 20 ደቂቃ ንዳው። ቬሎ ደግሞ ከእሱ የበለጠ ቦታ ይፈልጋል።

ዕቃ። የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ የምታገኘው ሁሉ ቀድሞ የገባ ነው። መለዋወጫውም በትዕዛዝ ነው። ከመግዛትህ በፊት የፊት መስታወት፣ የጣሪያ ጎሚኒ እና የጣሪያ ፓምፕ ዋጋ ከዕቃ አስመጪ ጠይቅ። ሦስቱን ደምረህ ካስደነገጠህ መኪናውም ያስደነግጥሃል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው

የዳሽቦርዱን መብራቶች አለማየት። ቁልፉን ስታዞር የኤርባግ መብራት በርቶ መጥፋት አለበት። ጭራሽ ካልበራ አምፖሉን ነቅለውታል። ይህ መኪና ሲገለበጥ የሚያድኑህ ከራስህ ጀርባ ያሉት ቅስቶች ናቸው፣ ብዙዎቹ ሞዴሎች ላይ ደግሞ በአደጋ ጊዜ ብቻ ፈንጥረው የሚወጡ ናቸው፣ ስለዚህ መካኒኩ በስካነር ይያቸው። ሌላው ስህተት ስካነሩን ጠዋት ብቻ መሰካት ነው። ሻጭ ኮዶቹን ከዋዜማው ሊያጠፋቸው ይችላል። ከደንገጎ ስትመለስ ድጋሚ ሰካው፣ የተደበቀው ያኔ ይመለሳል።

12. ማታውን ካርቶን ሥሩ አንጥፍ

መኪናውን ካቆምክ በኋላ ካርቶኑን ከሞተሩ እስከ ኋላ ድረስ ሥሩ ዘርጋና እደር። ጠዋት አውጥተህ ብርሃን ላይ እየው። የኤሲ ውሃ ብቻ ከሆነ ደርቆ የዙሪያውን ምልክት ብቻ ነው የሚተወው፣ ችግር የለውም። ጥቁር ወይም ቡናማ ነጠብጣብ የሞተር ዘይት፣ ቀላ ያለው ብዙውን ጊዜ የካምቢዮ ወይም የመሪ ዘይት፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ወይም ሮዝ ሆኖ ጣፋጭ የሚሸተው የራዲያተር ነው። ከኋላ በኩል፣ ፖርታባጋሊው ሥር ዘይት ካየህ የጣሪያው ሊሆን ይችላል፣ ወደ ቁጥር 4 ተመለስ። ካርቶኑን አትጣለው። ለሻጩ እያሳየህ ነው ዋጋ የምትነጋገረው።